ጦይባ ከኮሚቴው ፊት

ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተሰናበትኩ በኋላም ሰው አላሳረፈኝም። አሶሳ ውስጥ ልጁ ባሕር የተሻገረ ወላጅ ሁሉ እግሩ ወደ እኔ ደጅ ያቀናል። ልጅየው ካናዳ ወይም አውስትራሊያ ሆኖ «ወላጆቼ ይምጡልኝ» ብሎ ያመለክታል፤ እናትና አባት አዲስ አበባ ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ይጠራሉ፤ ቀኑ ሲቀርብ እህል ውሃ አልወርድ ይላቸዋል። ጎረቤት ታዲያ «ምን ያስጨንቃችኋል፣ ጫልቱ ዘንድ ሂዱ» ይላቸዋል። እኔም አስቀምጬ እጠይቃቸዋለሁ። ልጃችሁ የተወለደ ቀን ቤት ውስጥ ማን ማን ነበር? ሠርጋችሁ ላይ ዘንቦ ነበር? አባትየው ዘንቧል ሲል እናትየው ኧረ ፀሐይ ነበር ትላለች፤ እዚያው ይጣላሉ። ተጣልተው እስኪበቃቸው እጠብቅና እንደገና እንጀምራለን።

ዘንድሮ ግን በቃኝ አልኩ። ጆሮዬ ከብዷል። ሰው የነገረኝን እንዲደግምልኝ መጠየቅ ያናድደኛል፣ የተናደደ ሰው ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የመጨረሻዎቹ ደንበኞቼ የባምባሲ ባልና ሚስት ነበሩ። ቪዛው ተሳክቶላቸው ሊሰናበቱኝ ሲመጡ ባልየው፣ «እትዬ ጫልቱ፣ ይህን ትምህርት ከየት አመጣሽው? ፈረንጅ አገር ነበርሽ እንዴ?» አለኝ። ፈረንጅ አገር ቀርቶ ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለውን መንገድ አላውቀውም። የተማርኩት እዚሁ አሶሳ፣ በሠፈራው ዘመን፣ ጋሽ ኢድሪስ ከሚባሉ ሰው ነው። ባልየው ቸኩሎ ስለነበር አላወራሁለትም፤ እዚህ ልጻፈው።

ተወልጄ ያደግሁት ወለጋ፣ መንዲ አጠገብ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳላመጣ ቀርቼ፣ ቤት ውስጥ ከእናቴ ጋር ስነታረክ አሶሳ ያለው የሠፈራ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል ተባለ። አሶሳ ያን ጊዜ በወለጋ ሥር ያለች አውራጃ ነበረች። ስደርስ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ያፈናቀለው የወሎ ሕዝብ በአውቶቡስና በጭነት መኪና እየመጣ ይራገፍ ነበር። ደጋ የለመደ ሰው ያንን ሙቀት፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠውን ሣርና ያንን ወባ ሲያይ የሚሰማው ፊቱ ላይ ይነበባል። ሠፋሪው ከቀርከሃ በተሠሩ ጎጆዎች፣ አምባ በሚባሉ መንደሮች እየተደለደለ ይገባል። ደሞዜ ትንሽ ነበረች፤ በመጀመሪያዋ ለእናቴ ሻሽ ስለላክሁባት ግን አላማትም።

የተመደብኩት የቤተሰብ ጉዳይ በሚባለው ክፍል ነው። ክፍሉ ማለት አንድ እግሩ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ፣ ጋሽ ኢድሪስና እኔ ነን። ሥራችንን ለመረዳት ሰው እንዴት እንደተለያየ ማወቅ ያስፈልጋል። ወሎ ውስጥ ድርቁ ያሰደደው ሰው በየመጠለያው ተሰብስቦ ነበር። እናት ዱቄት ልትቀበል ተሰልፋ ሳለ ባሏን የጫነው መኪና ይነሳል። ልጅ ታሞ ሕክምና ድንኳን ውስጥ ሲተኛ አባትና እናት ተጭነው ይሄዳሉ። እንዲህ የቀሩት ልጆች በየማሳደጊያው ተሰበሰቡ። እኛ ዘንድ «ወላጅ ነኝ» የሚል ሰው አሶሳ መጥቶ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፣ ይጠየቃል፤ ቃሉ ልጁ ከሰጠው ቃል ጋር ከተስማማ ልጁ ይላክለታል። ካልተስማማ አይላክም።

ኮሚቴው ክፉ አልነበረም። ራሽን በሰው ቁጥር ስለሚሰፈር የሌለ ልጅ አለኝ የሚል ነበር፤ የሰው ልጅ ወስዶ ከብት ጠባቂ የሚያደርግም አለ ይባል ነበር። ስለዚህ አጥብቀው ይጠይቃሉ። የእኛ ሥራ እውነተኞቹ ወላጆች በድንጋጤ ልጃቸውን እንዳያጡ ማዘጋጀት ነው።

ጋሽ ኢድሪስ የአገሬው ሰው፣ በርታ ናቸው። በወጣትነታቸው ከነጋዴ ጋር ኩርሙክን እየተሻገሩ ሱዳን ይመላለሱ ነበር፤ በኋላ ፍርድ ቤት ያስተረጉሙ ጀመር። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ ነጭ ጀለቢያቸው ላይ የመንግሥት ኮት የሚደርቡ ሰው ነበሩ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። «እናቱ መጣ? ይቀመጥ» ይላሉ። የወሎ ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይስቁባቸዋል። አንድ ቀን ልክ ያልሆነውን ላርማቸው ብል፣ «ተወው፣ ያ ቢንቲ፤ የሳቀ ሰው አይፈራም» አሉኝ። ያ ቢንቲ ማለት በዐረብኛ ልጄ ማለት ነው፤ እስከ መጨረሻው በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

ሰው ሲመጣ ጠረጴዛው ዘንድ አያስቀምጡም። ከቢሮው ጀርባ ማንጎ ሥር ምንጣፍ ይዘረጉና ያልተፈለፈለ ለውዝ መሐል ላይ ዘርግፈው ራሳቸው መፈልፈል ይጀምራሉ። እንግዳው ዝም ብሎ ማየት ነውር ይሆንበትና እጁን ይሰዳል። ያኔ ስለ ልጁ አይጠይቁትም። ስለ ቤቱ ነው የሚጠይቁት። በሩ ወዴት ይዞር ነበር? ሲዘንብ የሚያፈሰው የቱ ጋ ነው? ከብቱ የት ያድራል? ሰውየው ለውዙን እየፈለፈለ ቤቱን ሲዞር ከአንዱ ጥግ ልጁን ያገኛታል፤ እዚያች የእሳቱ ጎን ላይ ነበር የምትተኛው ይላል። ጋሽ ኢድሪስ ቀና ብለው ያዩኛል፤ ይኸውልሽ፣ ይህን ኮሚቴው ሲጠይቀው ከልቡ ይመልሳል ማለታቸው ነው።

ወንበር ላይ መቀመጥም እናስተምር ነበር። ገበሬው ባለሥልጣን አፉን በከፈተ ቁጥር ብድግ ይላል፣ ብድግ ሲል ያሰበው ይጠፋበታል። እኔ የጽሕፈት ቤቱን ዘበኛ ኮፍያ አድርጌ፣ ፊቴን አኮሳትሬ ሊቀመንበር እሆናለሁ። ከሁሉ ያስቸገረን ግን ትሕትናቸው ነው። አንዱን አባት፣ «ልጅህ ስምንት ዓመቷ ነው?» አልኩት።

«አዎ እመቤቴ።»

«ወይስ አሥር?»

«እሱም ይሆናል።»

«አሥራ አምስት ብልህስ?»

«እርስዎ ካሉ ምን ይደረጋል» አለኝ፤ ለኮፍያዬ ሲል ልጁን ሊድር ምንም አልቀረው። እንዲህ ያለውን ሰው «አይደለም» ማለትን ለማስለመድ ቀኑን ሙሉ የሐሰት ነገር እየነገርን እናስክደዋለን። ዝሆን በቅሎ ነው? አይደለም። አሶሳ ደጋ ናት? አይደለም። የምር እያላበው ይክዳል።

አንድ ነገር ግን ጋሽ ኢድሪስ በፍጹም አይፈቅዱም፤ ለማንም መልስ አይነግሩም፣ እንዲነገርም አይወዱም። አንዴ አንዲት እናት የልጇን የትውልድ ዓመት ተሳስታ ስታወራ ትክክለኛውን ሹክ ስላት ሰምተው ከማንጎው ሥር አስነስተውኛል። «ያጠናው ሰው፣ የራሱ እውነት የሰው ይመስልበታል» አሉኝ። ያን ጊዜ ግትርነት መስሎኝ አኮረፍኩ።

ይመርና ሚስቱ ጦይባ ወደ እኛ የመጡት በሁለተኛው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ይመር ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ ሣር የሚያኝክ ሰው። ጦይባ ደግሞ ወሬ የሚያምርላት፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ለሁሉ ሰው «ልጄ» የምትል ሴት። ዘበኛው ልጄ ነው፣ ሊቀመንበሩ ልጄ ነው፣ እኔ ልጄ ነኝ። ትርፌ የምትባለው ልጃቸው መጠለያ ውስጥ ኩፍኝ ይዟት ሕክምና ድንኳን ተኝታ እያለ እነሱ መኪና ላይ ወጡ። ይመር ልውረድ ብሎ ሲታገል ነገ በሚነሳው ትከተላችኋለች ብለው አረጋጉት። አልተከተለችም። አሁን ትርፌ ይመር የምትባል ልጅ ሩቅ አገር አንድ ማሳደጊያ ውስጥ እንዳለች ወሬ ደረሰን። ክረምቱ እስኪወጣ ወላጅ ያልተገኘላቸው ልጆች ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ፣ ከዚያ በኋላም ማንም እንደማይፈልጋቸው ተቆጥሮ ያድጋሉ ተብሏል። ስለዚህ ጊዜው አጭር ነበር።

እንደ ጦይባ ያለ ተጠያቂ አልገጠመኝም። ለውዙን እየፈለፈለች ቤቱን ፊቴ ላይ ታቆመዋለች። ልጅቱ ወተት ስትጠጣ ዓይኗን እንደምትጨፍን፣ ግራ ጉልበቷ ላይ ፍየል የወጋት ጠባሳ እንዳለ፣ ነጎድጓድ ስትሰማ ጎተራ ውስጥ እንደምትገባ ነገረችን። ወንበር ላይ ልክ እንደ ወይዘሮ ተቀመጠች። ኮፍያዬን አድርጌ ላስፈራራት ስሞክር «ልጄ፣ ኮፍያው ጠቦሻል» አለችኝ። ያን ቀን ለጋሽ ኢድሪስ፣ «የእነዚህ አለቀ፣ ሌላ ሰው ያምጡ» አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁ። ያልጠየቅናት ጥያቄ መኖሩን ሁለታችንም አላስተዋልንም፤ ማንም ወላጅ የሚሳሳተው አይመስለንምና አንለማመደውም ነበር።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሊቀመንበሩ ወፍራም፣ ላብ የሚያስቸግራቸው፣ መሐረብ ከእጃቸው የማይለይ ሰው፤ አንድ ወጣት ካድሬ፤ አንዲት ደግሞ ከሴቶች ማኅበር የተወከሉ፣ አገራቸው ወደ ሰሜን የሆነ እናት። ይመር ተጠየቀ፣ ጥሩ መለሰ፣ አንዴ ብቻ ብድግ አለ። ጦይባ ገባች። ሊቀመንበሩ መሐረባቸውን አጣጥፈው፣ ለወጉ ያህል ጀመሩ።

«ትርፌ ይመር የምትባለው ልጅሽ ናት?»

ጦይባ «አይደለችም» አለች።

ሊቀመንበሩ ያልሰማች መሰላቸው። ደገሙላት።

«የእኔ አይደለችም፣ ጌታዬ። የየሺ ልጅ ናት።»

ካድሬው ወረቀቱን አየና ለሊቀመንበሩ አሳያቸው። ልጅቱም ማሳደጊያው ውስጥ የእናትሽ ስም ማነው ተብላ የሺ ብላለች። ሊቀመንበሩ ወደ ይመር ዞረው «ታዲያ የሰው ልጅ ለምን ትፈልጋለህ?» አሉት። ይመር ሚስቱን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ መሬቱን አየ፤ አንድም ቃል አልወጣውም። ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ።

ውጪ ስንወጣ ቁጣዬን መያዝ አቃተኝ። «ምን ነክቶሽ ነው? ወር ሙሉ ስትነግሪን የከረምሽው የማንን ልጅ ነው?» ብዬ ጮህኩባት፤ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን። ጦይባ እጄን ያዘችና «አትቆጪ፣ ልጄ» አለችኝ። እኔን ሳትወልደኝ ልጄ ትላለች፣ የወለደቻትን ትክዳለች። እጄን መነጨቅኳት። ጋሽ ኢድሪስ ኮታቸውን አወለቁና በክንዳቸው ላይ አድርገው ሁለቱን እስከ መኪናው ድረስ ሸኟቸው።

በሳምንቱ እሳቸውና እኔ ለውዝ ይዘን ጦይባ ያለችበት አምባ ሄድን። ከጎጆዋ ደጃፍ ተቀመጥን። ጋሽ ኢድሪስ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ በቆሎው አወሩ፣ ስለ እናታቸው አወሩ። ስለ ኮሚቴው አንዲት ቃል አላነሱም። እኔ በውስጤ እየፈላሁ ለውዙን ከነልጣጩ እሰብር ነበር። ብዙ ከቆየን በኋላ ጦይባ ራሷ ጀመረች።

«ከሷ በፊት የወለድኳቸው ሁሉ ቀርተውብኛል፣ ጋሼ። አንዱም አልቆመልኝ። እሷ ስትወለድ አሮጊቶቹ አትንኪያት፣ ስም አታውጪላት፣ ክፉው የሰው ናት ብሎ እንዲያልፋት መጀመሪያ ሽጫት አሉኝ። የሺ ጎረቤቴ ናት። ክርስቲያን ናት፣ ግን እንደ እህቴ ናት። በር ላይ ቆማ፣ እቤታችሁ የሚሸጥ ምን አለ አለች። አንዲት ቡችላ አለች አልኳት። በአንድ እፍኝ ጨው ሸጥኩላት። ከዚያ መልሳ፣ እስክታድግ አጥቢልኝ ብላ ሰጠችኝ። ስሟንም ያወጣችው እሷ ናት። ልጅቱ የሺን እማዬ ትላለች፣ እኔን ጦይባ። እንዲህ ሆና ነው የቆመችልኝ።»

«ያለፈውን ኮሚቴው አይፈልገውም» አልኳት እኔ። «ልጄ ናት የምትል አንዲት ቃል ናት። አንዴ ትይና ያልቃል።»

«አንዴ ብያለሁ» አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። «ለወንድሟ ብያለሁ። ልጄ ብዬ ሳምኩት፤ ወር አልቆየም። አሁን ለሷ፣ ያውም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በመንግሥት ወረቀት ላይ ልጄ ናት ልበል? የሚሰማ አለ እኮ፣ ልጄ። እዚያው ሩቅ አገር ትደግ። ባላያትም ትኑርልኝ።»

ይመር ከቤቱ ጥግ ሆኖ ሣሩን እያኘከ ያለቅስ ነበር። እሱም ያልተናገረው ለዚሁ ነው፤ ሻጭ ካልተናገረች ባል አይናገርም። እኔ የሰባኪ ልጅ ነኝ፣ እንዲህ ያለ እምነት ከንቱ ነው እየተባልኩ ያደግሁ። ያን ቀን ግን ከንቱ ነው ልላት አፌ እሺ አላለኝም። ጦይባ ልጇን የምታጣው በመውደዷ ነበርና ምን ብዬ ልከራከራት?

በመንገድ ላይ ጋሽ ኢድሪስ ቀስ ብለው፣ «ልጁ የሺ አለ። ጦይባም የሺ አለ። ሁለቱ ቃል አንድ ነው። ታዲያ የሺ የት ነው?» አሉ። እኔ የሺ ድርቁ ላይ የሞተች መስሎኝ ነበር። ማንንም አልጠየቅሁም።

የሺ አልሞተችም። በሠፋሪው መዝገብ ላይ ከባምባሲ ወዲያ ባለ አንድ አምባ ብቻዋን ተጽፋ ነበር። ባሏም ልጆቿም መጠለያ ውስጥ አልቀዋል። ሠፋሪ ከአምባው ያለ ፈቃድ መውጣት ስለማይችል ጋሽ ኢድሪስ የይለፍ ወረቀቱን ለማግኘት ስንቱን ቢሮ እንደዞሩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ በየቢሮው «ማፊ ሙሽኪላ» እያሉ፣ ችግር የለም እያሉ፣ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። በእህል መኪና ሄደን አገኘናት። አጥንቷ የወጣ፣ ወባ ያገረጣት ሴት ናት። ጉዳዩን ስንነግራት መጀመሪያ ያለችው፣ «ልጄ ተገኘች?» ነው። ከዚያ ቁጭ አለችና ዐይኗን በሻሿ ጫፍ ይዛ ብዙ አለቀሰች።

እኔ ግን «ልጄ» ማለቷን ሰምቼ ማሰላሰል ጀመርኩ። ይህች ሴት በዓለም ላይ ማንም የላትም። ኮሚቴው ፊት ቀርባ ልጄ ናት ካለች፣ ልጅቱም እናቴ የሺ ናት ብላለችና ይሰጧታል። ጦይባ ደግሞ የእኔ ናት አትልም። ልጅቱ ባምባሲ ማዶ ትገባለች፣ ጦይባ አሶሳ ማዶ ትቀራለች። ይዘናት ስንመለስ የሺን «እንዲህ በይ» ልላት አፌን ስከፍት ጋሽ ኢድሪስ ክንዴን ያዙ።

«ያ ቢንቲ፣ ኸላስ፣ በቃ። መልሱ የየሺ ነው።»

«ልጅቱን ብትወስዳትስ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ከወሰደ ወሰደ። እኛ መኪና ላይ ሆነን ልጅ አናድልም።»

አኩርፌ ፊቴን ወደ ዱሩ አዞርኩ። ፈርተው እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው፤ መንገዱን ሁሉ በያዙት መቁጠሪያ አንድም ዙር አልቆጠሩበትም፣ ጨብጠውት ብቻ ነበር።

ጋሽ ኢድሪስ ኮሚቴው ጉዳዩን እንደገና እንዲሰማ አስፈቅደው ነበርና ሦስቱም ገቡ። ይመርና ጦይባ አንድ ላይ፣ የሺ ለብቻዋ ተቀመጡ። ሁለቱ ሴቶች ከመጠለያው ወዲህ የተገናኙት ያን ጠዋት በር ላይ ነው፤ ተቃቅፈው ሲላቀሱ ካድሬው ነው ያላቀቃቸው። ሊቀመንበሩ ለየሺ ያንኑ ጥያቄ አቀረቡላት።

«ትርፌ ልጅሽ ናት?»

«ልጄ ናት» አለች የሺ።

«ወልደሻታል?»

«ገዝቻታለሁ።»

ሊቀመንበሩ መሐረባቸውን አስቀመጡ። «በምን?»

«በአንድ እፍኝ ጨው።»

ካድሬው ሊስቅ ነበር። ከሴቶች ማኅበር የተወከሉት እናት ግን እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና ወደ ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብለው ነገሩን በጆሯቸው ነገሯቸው፤ ልማዱ ባለበት አገር ያደጉ ናቸውና ምን እንደሆነ ገብቷቸዋል። ሊቀመንበሩ የልጅቱን ወረቀት ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ «የልጅቱ ቃልና ያንቺ ቃል አንድ ነው። እናቷ አንቺ ነሽ ማለት ነው። እንግዲህ አንቺ ወዳለሽበት አምባ ትምጣ?»

እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። የሺ ጦይባን አየቻት። ጦይባ ቀና አላለችም፤ እጇ ላይ ለውዝ ያለ ይመስል ጣቶቿን እርስ በርስ ትፈትጋለች። የሺ እንደገና ወደ ጠረጴዛው ዞረች።

«ቤቴ ባዶ ነው፣ ጌታዬ» አለች። «ብትመጣልኝ ብርሃን ነበር። ማታ ማታ የማናግረው ሰው የለኝም። ግን እኔ ጡት አልሰጠኋትም። ስትታመም ያዘለቻት እሷ ናት። ገዛኋት እንጂ አልወሰድኳትም፤ እስክታድግ ያዥልኝ ብዬ ሰጥቻለሁ፣ ገና አላደገችም። እናቷ እኔ ከሆንኩ ማን እንደሚያሳድጋት እኔ እናገራለሁ። ጦይባ ቤት ትግባ። እኔንም ከቻላችሁ ከነሱ አጠገብ አድርጉኝ።»

ሊቀመንበሩ ወደ ጦይባ ዞሩ። «የዚህችን ሴት ልጅ ተቀብለሽ ታሳድጊያለሽ?»

«የሰው ልጅ ሜዳ ላይ አይጣልም፣ ጌታዬ» አለች ጦይባ።

ሁለቱም ተፈቀደ፤ የሺም ወደ እነ ጦይባ አምባ ተዛወረች። ጋሽ ኢድሪስ ከክፍሉ ወጥተው ከማንጎው ሥር ብቻቸውን ተቀመጡና ጀለቢያቸውን እጥፍ አድርገው ፊታቸውን ጠረጉ። አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ለሚመጣው ወላጅ ሁሉ መጀመሪያ የማቀርበው ጥያቄ ያ ነው፤ ልጅሽ ናት? እስከ ዘንድሮ ድረስ ወደ ኤምባሲ ለሚሄዱት ሁሉ እሱኑ ሳስቀድም ኖሬአለሁ፤ ሰዎች ቀልድ ይመስላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ። መንግሥት ተለወጠ፣ ክልል ተባልን፣ መተከል ተልኬ ድባጤ ውስጥ ዓመታት ቆየሁ፤ የሺናሻና የጉሙዝ ጎረቤቶች አገኘሁ፣ አለቆችም አገኘሁ፤ አንዱ ሰዓት አክባሪ፣ አንዱ ማኅተም ወዳድ፣ አንዱ ደግሞ ስብሰባ ካልጠራ የማያድር። እንደ ጋሽ ኢድሪስ ያለ አላገኘሁም። እሳቸው አሁን በሕይወት የሉም። ሲያርፉ የቀብራቸው ሰው ገሚሱ በርታ፣ ገሚሱ የወሎ ሠፋሪ ነበር፤ የወሎ ሴቶቹ «እናቱ መጣ» ይሉት የነበረውን እያነሱ አለቀሱላቸው። በጣም እወዳቸው ነበር፤ በሕይወት እያሉ ግን አልነገርኳቸውም።

ከሠራሁባቸው ቀናት ሁሉ አንዱን ምረጪ ብባል ትርፌ የመጣችበትን እመርጣለሁ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ልጆቹን የያዘው መኪና አምባው መግቢያ ላይ ሲቆም ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ትርፌ ወረደች፤ ራሷ ተላጭቷል፣ የማሳደጊያ ቀሚሷ ሰፍቷታል፣ ከነገሩን በላይ ረዝማለች። የሺን ስታይ «እማዬ» ብላ ሮጠች። የሺ አቀፈቻት፣ ይመር ሁለቱንም አቀፋቸው፣ ሰው እልል አለ። ጦይባን ግን ከሕዝቡ መሐል ፈልጌ አጣኋት።

ከጎጆው ጀርባ አገኘኋት። ጀርባዋን ሰጥታ ገንፎ ታገነፋለች። የወሩን የራሽን ዘይት በሙሉ ገንፎው ላይ ገልብጣው ዘይቱ በሳህኑ ዳር ይፈስ ነበር።

«ያቺ የየሺ ልጅ መጣች?» አለችኝ ሳትዞር።

«መጥታለች።»

«መንገዱ ሩቅ ነው። ርቧት ይሆናል፣ ትምጣና ትብላ።»

ትርፌ እየሮጠች መጥታ «ጦይባ!» አለችና ከኋላዋ ቀሚሷን ያዘች። ጦይባ አልዞረችም፤ ማማሰያውን የያዘው እጇ ብቻ ቆመ። ይመር ደርሶ የፈሰሰውን ዘይት ሲያይ፣ «ኧረ ጦይባ፣ ወሩን ምን ልንበላ ነው?» አላት። «የሰው ልጅ ናት፣ እንግዳ ናት» አለችው። ልጅቱን መሬት ላይ አስቀመጠቻት፣ ሳህኑን ፊቷ አደረገችላት፣ ራሷም ከጎኗ ተቀመጠች። ትርፌ በልታ እስክትጨርስ፣ ፊቷን ወደ ቀርከሃው አጥር አዙራ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዝንቡን ታባርርላት ነበር።